ቫይታሚን ኤ ያልፈወሰው ዳፍንት

የእህቴ ልጅ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲወለድ ምንም የማይወጣለት ሕፃን ነበር። ቤት ውስጥ ማሙሽ ነው የምንለው፤ እዚህም በዚሁ ስም ልጥራው። አንድ ነገር እንዳለ መጀመሪያ ልብ ያለችው እናቴ ናት። ሦስት ወር ሳይሞላው ጡት እየጠባ እንኳ ፊቱን ወደ አምፑሉ ያዞራል። ስንስቅለት አይስቅም፤ ድምፃችንን ሲሰማ ግን ይፍነከነካል። ዓይኖቹ አንድ ቦታ አይረጉም፣ ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ። ከፍ ሲል ደግሞ በጣቶቹ ዓይኖቹን ይጫን ጀመር። "አምፑል የሚወድ ልጅ" ተባለና ተሳቀ።

ሳቁ የቆመው ልጁ መሄድ ሲጀምር ነው። ቀን በረንዳ ላይ የሚሮጠው ማሙሽ ፀሐይ ስትጠልቅ ባለበት ይቆማል። መብራት ከጠፋ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ሰው እስኪያነሳው ይጠብቃል። አያለቅስም። እሱ ያደገው ዓለም እንደዚህ መሆኑን ነው የሚያውቀው። ሰፈርተኛው በሽታውን ለመሰየም ሐኪም አላስፈለገውም፤ ዳፍንት ነው።

የሄድንበት ክሊኒክም ያንኑ አለን። ዓይኑን በመብራት ዓይተው "ውስጡ ደህና ነው፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ይሆናል" ብለው እንክብል ሰጡት። እናቴ ጉበትና ካሮት ጨመረች፤ ጠበልም ተሄደ። ሌላ ልጅ ቢሆን የሚያሽለው ነገር ማሙሽ ላይ ጠብ አላለም። ክሊኒኩን ለመክሰስ አይደለም ይህን የማነሳው። በእኛ አገር የዳፍንት ዋነኛ ምክንያት የምግብ እጥረት ነው፤ ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በዘመቻ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብል የብዙ ሕፃን ዓይንና ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ዳፍንት የበሽታ ስም ሳይሆን የምልክት ስም ነው። ምልክቱ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን እንደሚችል እኛም አላሰብንም፣ የነገረንም የለም።

በ2010 ዓ.ም. እህቴና ባለቤቷ ዲቪ ደርሷቸው ቨርጂኒያ ገቡ። ማሙሽ ሦስት ዓመቱ ነበር። እዚያ መዋዕለ ሕፃናት ለማስመዝገብ የሄዱበት የጤና ምርመራ ወደ ዓይን ሐኪም መራቸው። ሐኪሟም ሬቲናውን አይተው እንደ አዲስ አበባዎቹ "ብዙም የሚታይ ነገር የለም" አሉ። ልዩነቱ እዚያ ላይ አለመቆማቸው ነው። ኤሌክትሮሬቲኖግራም የሚባል ምርመራ አዘዙ። ዓይን ላይ ብርሃን ብልጭ እየተደረገ ሬቲና የሚያመነጨው የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካበት ነው፤ ልብ በኢ.ሲ.ጂ. እንደሚለካው ማለት ነው። የማሙሽ መስመር ጠፍጣፋ ሊባል ምንም አልቀረው። ለዓይን ደህና የሚመስለው ሬቲና ለብርሃን መልስ አይሰጥም።

የበሽታው ስም ሌበር ኮንጄኒታል አማውሮሲስ ይባላል። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ሌበር እ.ኤ.አ. በ1869 ስለ ገለጸው ነው በስሙ የሚጠራው። ከልደት ጀምሮ የሚታይ፣ በዘር የሚተላለፍ የሬቲና በሽታ ነው። አንድ በሽታ ይመስላል እንጂ ከ25 በላይ በሚሆኑ የተለያዩ ጂኖች ብልሽት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሟ ያሉት ቀጣይ ነገር "የትኛው ጂን እንደሆነ ካላወቅን ምንም አላወቅንም" የሚል ነበር። ከሦስቱም ደም ተወሰደ።

ውጤቱን እህቴ በስልክ ያነበበችልኝን ቀን አልረሳውም። አር.ፒ.ኢ.65 የሚባል ጂን ነው። ያን ጊዜ ከነዚያ ሁሉ ጂኖች መካከል የተፈቀደ ሕክምና ያለው ይህ አንዱ ብቻ ነበር። እህቴ ታለቅሳለች፤ የደስታ ይሁን የሐዘን እሷም አትለየውም።

ይህ ጂን ምን እንደሚሠራ ለእናቴ ያስረዳሁበትን መንገድ እዚህም ልጠቀምበት። ለስላሳ የሚሸጥ ሱቅ አስቡ። ሙሉው ሳጥን ይሸጣል፣ ባዶው ጠርሙስ ተሰብስቦ ወደ ፋብሪካ ይመለሳል፣ ታጥቦ ተሞልቶ ደግሞ ይመጣል። ሬቲና ውስጥ ያሉ ብርሃን ተቀባይ ሴሎችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ሙሉው ጠርሙስ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ሬቲናል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ቅርጹ የታጠፈ ነው። ብርሃን ሲነካው ይዘረጋል፤ የመዘርጋቱ ወሬ ነው ወደ አንጎል ሄዶ "አየሁ" የሚያሰኘን። አንዴ ከተዘረጋ ግን ባዶ ጠርሙስ ነው፣ ሁለተኛ አያገለግልም። ከሬቲናው ኋላ ባለው ሽፋን ውስጥ ተመልሶ መታጠፍ አለበት። ይህን የማጠፍ ሥራ የሚሠራው ኢንዛይም በአር.ፒ.ኢ.65 ጂን ትእዛዝ የሚመረተው ነው። ሞይው ማሽን በሉት።

የምግብ እጥረት ያመጣው ዳፍንት ማሽኑ ደህና ሆኖ ጠርሙስ የጠፋበት ፋብሪካ ነው። ጠርሙስ ስትልኩለት ሥራው ይቀጥላል፤ ልጁም ለውጡን ወዲያው ያሳያል። የማሙሽ ደግሞ ማሽኑ የቆመበት ነው። እኛ በጉበቱም በካሮቱም በእንክብሉም የላክንለት ሁሉ ባዶ ጠርሙስ ነበር፤ ከምግብ የሚመጣው ቫይታሚን ኤ ራሱ መታጠፍ የሚጠብቅ ነውና። ጠርሙሱ ጓሮ ይከመራል እንጂ ሱቅ አይደርስም። ምሳሌ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በዚህ በሽታ በሽፋኑ ሴሎች ውስጥ ያልታጠፈው የቫይታሚን ኤ ዓይነት በእርግጥም ይከማቻል። ከጊዜ ብዛትም ብርሃን ተቀባዮቹ ሴሎች መሞት ይጀምራሉ። የሞተውን ሴል ደግሞ ይህ ሕክምና አያስነሳም። ልጁ በቶሎ መታከም ያለበት ለዚህ ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነበር። "በማን በኩል መጣ?"

በሁለቱም። በሽታው የሚታየው ልጅ ከእናቱም ከአባቱም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሲወርስ ነው። አንድ ብቻ ያለው ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ሌላው ደህና ቅጂ ስለሚበቃው ዕድሜውን ሙሉ አጥርቶ አይቶ ይኖራል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲጋቡ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። እናቴ ተቆጣች። "ሰባት ቤት ተቆጥሮ ነው የተጋቡት! እኔው ራሴ ነኝ ያስቆጠርኩት!" እውነቷን ነው። የዘር ቆጠራው ጥቅም አለው፤ ሥጋ ዘመዳሞች ሲጋቡ ከአንድ አያት የወረዱ ሁለት የተበላሹ ቅጂዎች የመገናኘታቸው ዕድል ይጨምራልና ሰባት ቤት መቁጠር ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። በማሙሽ የሆነው ግን ሌላ ነው። የእናቱና የአባቱ ብልሽቶች በአንድ ጂን ላይ ያሉ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው። የማይተዋወቁ ሁለት ቤተሰቦች፣ ሁለት የማይተዋወቁ ስህተቶች፣ አንድ ልጅ ላይ ተገናኙ። ይህን ማንም ሽማግሌ ቆጥሮ አይደርስበትም። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ "እንግዲያው ማንም አላጠፋም" አለች። እህቴ አራት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ስትጠብቅ እንደኖረች ያወቅሁት ስነግራት ነው። እኔም የእህቴ ወንድም እንደመሆኔ ያንን ቅጂ የመሸከም ዕድሌ ግማሽ በግማሽ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ሉክስተርና ይባላል። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ደስ የሚለኝን ብቻ ልንገራችሁ። ብሪያርድ በሚባሉ የውሻ ዝርያዎች መካከል በዚሁ ጂን ብልሽት ዕውር ሆነው የሚወለዱ አሉ። በፔንስልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጂን ቤኔትና ባለቤታቸው አልበርት መጓየር ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ደህናውን ጂን በቫይረስ ጭነው ውሾቹ ሬቲና ሥር ከተቱት። ውሾቹ አዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ታተመ። ከውሾቹ አንዱ ላንስሎት ነበር፤ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ የምክር ቤት አባላት እንዲያዩት ተደርጓል። ባልና ሚስቱ ከታከሙት ውሾች ሁለቱን ወስደው ቤታቸው አሳድገዋል።

በሰው ላይ መሞከር ግን በዚያ ወቅት ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከዚህ ጋር በማይገናኝ የጉበት በሽታ የጂን ሕክምና ሙከራ ላይ የነበረ የ18 ዓመት ወጣት ሞቶ መስኩ በሙሉ ደንግጦ ነበር። እህቴ ይህን ኢንተርኔት ላይ አንብባ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ሐኪሞቹ ያስረዷት እንዲህ ብለው ነው፤ የቫይረሱ ዓይነት ሌላ ነው፤ አሁን የሚሠራበት በሰው ላይ በሽታ እንደሚያስከትል የማይታወቅ ነው። መጠኑም በጣም ጥቂት ነው። ዓይን ደግሞ ትንሽና የተከለለ ቤት ስለሆነ መድኃኒቱ ወደ ቀሪው ሰውነት የሚያልፈው እጅግ ኢምንት ነው። ሽፋኑ ላይ ያሉት ሴሎች ስለማይባዙ የገባው ጂን እየተከፋፈለ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2007 በለንደንና በፊላደልፊያ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ታከሙ። በ2008 የታከመ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ከቀዶ ሕክምናው ከአራት ቀን በኋላ የአራዊት መጠበቂያ ሄዶ ቀና ሲል ፀሐዩ አሳመመኝ ብሎ መጮኹ በሰፊው ተዘግቧል። ዋናው ሙከራ ከ4 እስከ 44 ዓመት የሆናቸው 31 ሰዎች የገቡበት ነው። መለኪያው ብልህነት ያለበት ነበር፤ ወለል ላይ ቀስትና መሰናክል ተደርጎ፣ ብርሃኑ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ፣ ሰውየው ሳይስትና ሳይደናቀፍ መሄዱ ይታያል። የመጨረሻው ደረጃ 1 ሉክስ ነው፤ በጣም ደብዛዛ ብርሃን ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ከታከሙት 20 ሰዎች 13ቱ በዚያ ጨለማ አለፉ። ካልታከሙት አንድም አላለፈም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች በጥቅምት 2017 16 ለ 0 ድምፅ ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ተፈቀደ። በዘር ለሚተላለፍ በሽታ በቀጥታ ሰውነት ውስጥ የሚሰጥ የጂን ሕክምና በአሜሪካ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነው።

ከዚያ ዋጋው መጣ። ለአንድ ዓይን 425 ሺህ፣ ለሁለቱ 850 ሺህ ዶላር። በወቅቱ ምንዛሪ ከ20 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ስሰማ ዜሮ ተሳስተው የጨመሩ መስሎኝ ነበር። ኩባንያው ስፓርክ የሰጠው ምክንያት በአሜሪካ በሽታው ያለባቸው ከ1 ሺህ እስከ 2 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ብቻ ስለሆኑ የምርምሩን ወጪ የሚካፈል ሕዝብ የለም የሚል ነው። ካልሠራ ከፊሉን የሚመልስበት ውል ከአንዳንድ ኢንሹራንሶች ጋር ገብቷል። ምክንያቱን እሰማለሁ፤ ዋጋውን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም። ብዙውን መሠረት የጣለው በሕዝብና በበጎ አድራጎት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ምርምር ነውና። ሮሽ እ.ኤ.አ. በ2019 ስፓርክን በ4.3 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

የእህቴ ባለቤት የመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ መጀመሪያ "አስፈላጊነቱ አልተረጋገጠም" ብሎ መለሰ። አራት ወር ደብዳቤ ተጻጻፉ። በዚያ አራት ወር ውስጥ እህቴ ማታ ማታ የኮሪደሩን አምፑል እያጠፋች ማሙሽ ካለፈው ሳምንት የባሰበት መሆኑን ትፈትን ነበር። ሴሎቹ በሕይወት መኖራቸው ሕክምናውን ለማግኘትም ለመጠቀምም ቅድመ ሁኔታ ነው፤ በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ ደብዳቤ እንደ ሰዓት ይቆጥር ነበር። ሐኪሟ ሬቲናው አሁንም በቂ ውፍረት እንዳለው የሚያሳየውን ምስል አያይዘው ሦስተኛ ደብዳቤ ሲጽፉ ተፈቀደ።

በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ፊላደልፊያ ገባን። እኔ የሄድኩት ለማገዝ ነው፤ እህቴ ሁለተኛ ልጇን ነፍሰ ጡር ነበረች። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ስቴሮይድ ይውጣል፤ ሰውነቱ ቫይረሱን ባዕድ ብሎ እንዳይቆጣ ነው። ልጅ ስለሆነ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጠው። ዓይን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ መጀመሪያ ይወጣል። ከዚያ እንደ ፀጉር በቀጠነ መርፌ ሬቲናውና ከኋላው ያለው ሽፋን መካከል 0.3 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይገባል። በውስጡ ጂኑን የተሸከሙ 150 ቢሊዮን ቫይረሶች አሉ። ፈሳሹ ሬቲናውን ለጥቂት ጊዜ ከቦታው ያነሳዋል፤ አደጋውም ያለው እዚያ ላይ ነው። ሬቲና ሊቀደድ፣ ዓይን ሊመረቅዝ፣ ግፊቱ ሊጨምር፣ ሞራ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሁሉ የሚዘረዝር ወረቀት ላይ ነው አባትየው የፈረመው።

ከሁሉ የከበደን ግን ከዚያ በኋላ ያለው 24 ሰዓት ነው። ዓይኑ ውስጥ የተተወ የአየር አረፋ አለ፤ እሱ መድኃኒቱን ቦታው ላይ እንዲይዝ ልጁ በጀርባው መተኛት አለበት። አራት ዓመት ተኩል የሆነውን ወንድ ልጅ አንድ ቀን ሙሉ በጀርባው ማስተኛት ከቻላችሁ ሌላው ቀላል ነው። ተረት አለቀብኝ። አንበሳውም፣ ጦጣውም፣ ጅቡም ሦስት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። አረፋው እስኪጠፋ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው፤ ከፍታ ላይ አረፋው ስለሚያብጥ። እንባው የነካውን ፋሻ ለአንድ ሳምንት በታሸገ ላስቲክ እያደረግን ጣልን። ሁለተኛው ዓይን በስምንተኛው ቀን ተሠራ።

ታምር የጠበቀ ሰው ይከፋዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ያየነው የቀላ ዓይንና ብርሃን የሚሸሽ ልጅ ነው። ብርሃን መሸሹ ግን ለእኛ ዜና ነበር፤ ማሙሽ ከተወለደ ጀምሮ ብርሃን ሲከተል እንጂ ሲሸሽ ዓይተነው አናውቅም። ወር ሳይሞላ፣ ምሽት ላይ ከመኪና ወርዶ የአባቱን እጅ ሳይዝ ደረጃውን ወጣ። አባቱ የመኪናውን በር ሳይዘጋ ቆሞ ቀረ።

ያልሆነውንም ልንገራችሁ። የማሙሽ ዓይን "ዳነ" አይባልም። የማየት ጥራቱ ዝቅተኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ ፊት ይቀመጣል፣ በትልቁ የታተመ መጽሐፍ ነው የሚያነበው። የዓይኑ መዋለል ቀንሷል እንጂ አልቆመም። በሕክምናው ካለፉ አንዳንድ ሕሙማን ላይ መርፌው ባረፈበት አካባቢ የሬቲና መሳሳት ከጊዜ በኋላ ታይቷል፤ ለዚህ በየዓመቱ ይታያል። አስቀድመው የሞቱት ሴሎችም እንደሞቱ ናቸው። የተመለሰው በደብዛዛ ብርሃን የማየት ችሎታና የዳር ዳሩ እይታ ነው። ለእሱ ይህ ማለት ማታ ኳስ መጫወት ማለት ነው።

ታናሽ እህቱ እንደተወለደች ተመረመረች። ተሸካሚ ናት እንጂ በሽታው የለባትም።

ለሌሎቹ ጂኖችስ? እዚህ ላይ አዲስ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በለንደን ኤ.አይ.ፒ.ኤል.1 በሚባል ሌላ ጂን ምክንያት ከልደት ጀምሮ ብርሃንና ጨለማን ብቻ የሚለዩ አራት ሕፃናት የታከሙበት ውጤት ታትሟል። ሕፃናቱ የመጡት ከአሜሪካ፣ ከቱርክና ከቱኒዚያ ነው፤ ሲታከሙ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይሆናቸው ነበር። የታከመው ዓይናቸው ነገር መለየት ችሏል። የቱኒዚያው ልጅ እዚያ መድረሱ ለእኛም ትርጉም ያለው ይመስለኛል፤ ሙከራዎች በሚካሄዱበት ጊዜ ዋናው ጥያቄ ፓስፖርቱ ሳይሆን ጂኑ ታውቆ መገኘቱ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ ላለ ወላጅ እህቴ የምትለውን ልጨምር። ሕፃኑ ፊት ሳይሆን አምፑል የሚከተል ከሆነ፣ ዓይኑ ከዋለለ፣ በጣቱ ዓይኑን ከጫነ፣ ቫይታሚን ኤ ወስዶም ምሽት ላይ ካላየ "ዓይኑ ውስጥ ምንም የለም" የሚለውን መልስ ይዛችሁ አትመለሱ። የሬቲና ሐኪም ጠይቁ። ኤሌክትሮሬቲኖግራም ይሠራለት ወይ በሉ። እንክብሉንም አታቋርጡ፤ እሱ ሌላ ሥራ አለው።

በ2016 ዓ.ም. ለገና መጥተው ነበር። የበዓሉ ዋዜማ ማታ፣ ሽንኩርት እየተቁላላ፣ እንደተለመደው መብራት ጠፋ። እናቴ ከጓዳ "ማሙሽ እንዳትነሳ! ባለህበት ቁጭ በል!" ብላ ጮኸች። የድሮ ልማድ ነው። እሱ ተነስቶ ሄዷል። ኮመዲኖው ጋ ደርሶ መሳቢያውን ሲከፍት ሰማሁ፤ ከዚያ ሻማና ክብሪት ይዞ መጣ። ሻማው ሲበራ የክብሪቱን ቀፎ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ የተጻፈውን ለማንበብ ሞከረ፤ ፊደሉ አነሰበትና ለእኔ ሰጠኝ።

"ምን ይላል አጎቴ?"

አነበብኩለት።